ካሊ ሊኑክስ አፕዴት አልሆን አለኝ፤ የፊርማ ቁልፍ የለም ይላል

ጀማሪ_ተርሚናል

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

የሴኪውሪቲ ሙከራ መማር ጀምሬአለሁ። ለሊኑክስ እንግዳ አይደለሁም፤ አንድ ዓመት ያህል ኡቡንቱ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ፓኬጅ መጫን፣ የፋይል ፈቃድ መቀየር፣ አጫጭር የባሽ ስክሪፕት መጻፍ አያቅተኝም። ካሊን (ለሴኪውሪቲ ሙከራ የተዘጋጀውን ሊኑክስ) ግን ካወቅኩት ሁለት ሳምንት ቢሆነኝ ነው። ጓደኛዬ የ2024.4ን አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) በፍላሽ ሰጠኝና ቨርችዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ጫንኩት። ሲጫን ምንም አላስቸገረም። ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ስለው ቀጥ አለ። በአጭሩ የሚለው ይሄን ነው፦ የማከማቻው (ፓኬጆቹ የሚወርዱበት ቦታ) ፊርማ ሊረጋገጥ አልቻለም፤ ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ቁልፍ እዚህ ማሽን ላይ የለም።

ስፈልግ ስፈልግ አንድ ቦታ መፍትሔ የተባለ አገኘሁ። የማከማቻው አድራሻ ያለበትን ፋይል ክፈትና «ትረስትድ» የሚለውን «የስ» አድርገው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ፊርማ አይጠይቅህም ይላል። ላደርገው ስል ቆም አልኩ። የሴኪውሪቲ ትምህርትን ማረጋገጫ በማጥፋት መጀመር ደስ አላለኝም። ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?

በዚያው ልጠይቃችሁ፦ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ካሊን ዋና ሲስተሜ ባደርገውስ? ሌላው ደግሞ፣ ቨርችዋል ማሽኑ ውስጥ የላፕቶፔ ዋይፋይ አይታይም፤ በገመድ እንደተገናኘ ነው የሚያሳየኝ። ሜኑው ላይ የተደረደረው የቱል ብዛትም ከየት እንደምጀምር ግራ አጋብቶኛል።

ፈጣን_እጅ

እኔም ይሄው ገጥሞኝ «ትረስትድ የስ» አድርጌ አልፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ምንም የሆነ ነገር የለም። የመለማመጃ ማሽን ስለሆነ ብዙ አትጨነቅበት።

ቁልፍ_ጠባቂ

ወንድሜ ጀማሪ_ተርሚናል፣ እንኳን ቆም አልክ። አታድርገው። ፈጣን_እጅ፣ አንተም ዛሬውኑ መልሰው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

መጀመሪያ ስህተቱ ከየት መጣ? አንተ ያበላሸኸው ነገር የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) በ2025 የካሊ ሰዎች ማከማቻቸውን የሚፈርሙበትን ቁልፍ መጠቀም የማይችሉበት ሁኔታ ተፈጠረ። ቁልፉ አልተሰረቀም፤ ከእጃቸው ወጣ እንጂ። ስለዚህ አዲስ ቁልፍ ከመፍጠር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ከሚያዝያ 18 ጀምሮ ማከማቻውን ባለበት አቆሙት፤ ምንም አዲስ ነገር አልገባበትም። በሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነገሩን በግልጽ ጽፈው አወጡ፦ በሚቀጥሉት ቀናት የሁሉም ሰው ካሊ ማለት ይቻላል አፕዴት ይከለከላል፤ ቁልፉን በእጃችሁ አምጡ አሉ። ያንተ አይኤስኦ ከዚያ በፊት የወጣ ስለሆነ አዲሱን ቁልፍ አያውቀውም። በማያውቀው ቁልፍ የተፈረመ ነገር ሲመጣለት «አልቀበልም» አለ። ማሽንህ ማድረግ ያለበትን ነው ያደረገው።

ይሄ ፊርማ ምን ይሠራል? አፕት ፓኬጆቹን የሚያወርደው ከዋናው ሰርቨር ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ብዙ የመስታወት ሰርቨሮች አሉ፤ የሚያስተዳድሯቸውም የተለያዩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንተ ከየትኛው እንደምታወርድ አትመርጥም። ያ ሰርቨር ቢጠለፍ፣ ወይም መሐል ላይ ያለ ሰው ፋይል ቢቀይርብህ፣ የሚያድንህ ፊርማው ነው። የፓኬጆቹ ዝርዝር ይፈረማል። ዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ፓኬጅ ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አለ። ሃሹ ከወረደው ፋይል ጋር ካልገጠመ አይጫንም። ሰንሰለት ነው። «ትረስትድ የስ» ስትል የሰንሰለቱን የመጀመሪያ ቀለበት ቆርጠህ ጣልክ ማለት ነው። ፓኬጅ የሚጫነው ደግሞ በሩት (በሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ነው፤ ማንም የላከልህ ስክሪፕት በማሽንህ ላይ የፈለገውን ያደርጋል።

ትክክለኛው መንገድ አንድ መስመር ናት፦ አዲሱን የቁልፍ ፋይል ከካሊ የማከማቻ አድራሻ በደብሊውጌት (ፋይል የሚያወርድ ትዕዛዝ) አውርደህ፣ በሲስተሙ የቁልፎች ፎልደር ውስጥ በአሮጌው ፋይል ቦታ ታስቀምጠዋለህ። ትዕዛዙ ራሱ በካሊ ብሎግ ላይ አለ፤ ከዚያ ቅዳው፤ ከሌላ ሰው ፖስት አትቅዳ፣ ከእኔም ጭምር። ወይም አዲስ አይኤስኦ አውርድ። 2025.1ሲ እና ከዚያ በኋላ የወጡት ሁሉ አዲሱን ቁልፍ ይዘው ነው የሚመጡት።

ፈጣን_እጅ

እሺ፣ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ከልቤ ነው የምጠይቀው። ቁልፉንም ከኢንተርኔት ነው የማወርደው፣ ፓኬጁንም ከኢንተርኔት ነው የማወርደው። አንዱን ሳላምን ሌላውን የማምነው በምን ሒሳብ ነው?

ቁልፍ_ጠባቂ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ያልፋል።

ልዩነቱ ይሄ ነው። ቁልፉን የምታወርደው አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ የሚደረግን ነገር ደግሞ ጊዜ ሰጥተህ በዓይንህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ፓኬጅ ግን ሁልጊዜ፣ በሺዎች እየተቆጠረ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱን ቁጭ ብለህ አትፈትሽም።

ስለዚህ ቁልፉን ስታወርድ ሦስት ነገር አድርግ። ያወረድከው አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ መሆኑን እይ። ቀጥሎ የፋይሉን ሃሽ አውጣና ብሎጉ ላይ ካለው ጋር አመሳክር። የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ብቻ አይተህ እንዳትተው፤ እስከ መጨረሻው ሂድ። ሦስተኛው የቁልፉ የጣት አሻራ ነው፤ ቁልፉን የሚለዩ አርባ ፊደልና ቁጥሮች ማለት ነው። በጂፒጂ (የፊርማና የቁልፍ ፕሮግራም) አውጥተህ ከሌላ ቦታ ካገኘኸው ጋር አስተያይ። አዲሱ ቁልፍ በሕዝብ የቁልፍ ሰርቨር ላይ አለ፤ የካሊ ቡድን አባላትም ፈርመውበታል። በሌላ ኔትወርክ፣ በሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በስልክህ ዳታ ከፍተህ ብታየው ደግሞ የተሻለ ነው። ሊያታልልህ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም መንገድ በአንድ ጊዜ መያዝ ይኖርበታል።

አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አፕት ይሠራልሃል።

ሎግ_አንባቢ

ቁልፍ_ጠባቂ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ አዲስ የሚማሩ ሰዎች «ፊርማው ከገጠመ ንጹሕ ነው» ብለው እንዳይወጡ እፈራለሁ።

በመጋቢት 2024 የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። ኤክስዜድ የሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም፣ 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት ቨርዥኖቹ፣ ውስጣቸው የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ተቀብሮባቸው ወጡ። ያስገባው ሰው ከውጭ ሰብሮ የገባ አልነበረም። በሐሰት ስም ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ፣ ኮድ እየላከ፣ የባለቤቱን እምነት አግኝቶ የፕሮጀክቱ ጠባቂ እስከመሆን የደረሰ ሰው ነው። ፋይሉን የፈረመውም ራሱ ነው። ፊርማው ትክክል ነበር!

ካሊ የሚገነባው ዴቢያን ቴስቲንግ (ገና እየተፈተነ ያለው የዴቢያን ሊኑክስ ቅርንጫፍ) ላይ ስለሆነ አዲስ ነገር ቶሎ ይደርሰዋል። ይሄኛውም ደረሰው። ከመጋቢት 26 እስከ 29 ባሉት ቀናት አፕዴት ያደረገ የካሊ ተጠቃሚ የተበከለውን ፓኬጅ አውርዷል። ዑቡንቱ ወይም ዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋው ቅርንጫፍ) ላይ የነበረ ሰው በዋናው ቨርዥን አልደረሰበትም።

እንዴት እንደተገኘ ደግሞ ሁሌም ይገርመኛል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) አልሚ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ልብ አለ። ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ ሲፒዩው ያለ ምክንያት ለምን ይደክማል ብሎ ተከታተለው። መጨረሻው ኤክስዜድ ሆነ። መጋቢት 29 ለሕዝብ አሳወቀ።

ስለዚህ ፊርማ የሚነግርህ «ይሄን የላከው እገሌ ነው፣ መንገድ ላይ አልተነካም» የሚለውን ነው። እገሌ ራሱ ታማኝ ነው ወይ የሚለውን አይመልስልህም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ከአንድ የቱል ትምህርት ይበልጣል። ይሄን የምለው ፊርማን ለማቃለል አይደለም። ያለ ፊርማ ደግሞ የመጀመሪያውንም አታገኝም።

ቁልፍ_ጠባቂ

እህቴ ሎግ_አንባቢ፣ ይሄን ስላነሳሽው በጣም አመሰግናለሁ። እኔ መጥቀስ ነበረብኝ።

አሮጌ_ሼል

እኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ፤ ዋና ሲስተም ላድርገው ወይ ላልከው። አታድርገው። የካሊ ሰዎች ራሳቸው በሰነዳቸው ላይ ይሄ ለሊኑክስ ጀማሪና ለዕለት ተዕለት ሥራ የተሠራ አይደለም ብለው በግልጽ ጽፈዋል። ምክንያት አላቸው።

እኔ ከባክትራክ (ከካሊ በፊት ከነበረው) ዘመን ጀምሮ ነው የምጠቀምበት። ባክትራክ በ2006 ዋክስ እና ኦዲተር የተባሉ ሁለት ፕሮጀክቶች ተዋሕደው የተወለደ ነው። ያኔ ከሲዲ አስነስተህ፣ በሩት ገብተህ፣ ሥራህን ጨርሰህ ታጠፋዋለህ። እየቆየ ሲሄድ ግን ለማስተዳደር አስቸጋሪ ሆነ። ቱሎቹ በየቦታው ተበትነው፣ አንዱን ስታድስ ሌላው ይሰበር ነበር። መጋቢት 13 ቀን 2013 ካሊ ሲወጣ ሁሉንም ከሥሩ በዴቢያን ሕግ እንደ አዲስ ሠርተውት ነው የመጣው። ለውጡ ስሙ ላይ ብቻ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። እያንዳንዱ ቱል በደንቡ የተዘጋጀ ፓኬጅ መሆኑ ግን ሁሉን ነገር ቀየረው። በ2016 ደግሞ ያለማቋረጥ የሚታደስ ሆነ።

ያለማቋረጥ የሚታደስ ማለት አዲስ ቱል ቶሎ ታገኛለህ፣ አንዳንዴም ነገ ጠዋት ዴስክቶፕህ አልነሳ ይልሃል ማለት ነው። ቨርችዋል ማሽን ላይ ከሆነ ስናፕሾት (ቀድመህ ያስቀመጥከውን የማሽኑን ቅጂ) ትመልሳለህ፤ በሁለት ደቂቃ ያበቃል። ዋና ማሽንህ ላይ ከሆነ ግን የቀን ሥራህ ቆመ። ከማንኛውም ትልቅ አፕዴት በፊት ስናፕሾት ውሰድ።

የዩዘር ነገርም አለ። እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ ካሊ በሩት ነበር የሚገባው፤ የይለፍ ቃሉ «ቱር» ነበር፣ ሩት ተገልብጦ ሲጻፍ። ከ2020.1 ጀምሮ ተራ ዩዘር ሆነ፤ ዝግጁ ምስሎቹ ላይ ስሙም የይለፍ ቃሉም «ካሊ» ነው። ከጫንክ በኋላ መጀመሪያ የምታደርገው ያን መቀየር ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው የይለፍ ቃል ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ «ይሄን ፕሮግራም ለመጫን የዑቡንቱን ማከማቻ ጨምርበት» የሚል ምክር ብዙ ታገኛለህ። አትጨምር። ካሊን ለመስበር ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው። የተሰበረ ካሊ ይዘው እዚህ ከሚመጡት አብዛኞቹን መጀመሪያ የምጠይቃቸው የማከማቻ ፋይላቸውን ነው።

ሞገድ

ስለ ዋይፋዩ በአጭሩ። ያየኸው ልክ ነው። ቨርችዋል ማሽን የላፕቶፑን ውስጣዊ ዋይፋይ ካርድ በቀጥታ አያገኘውም፤ ዋናው ሲስተም ይዞት በምናባዊ ገመድ ነው የሚያካፍለው። በዩኤስቢ የሚሰካ አስማሚ ግን ወደ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል። ስትመርጥ ብራንዱን አትይ፤ ውስጡ ያለውን ቺፕሴት እይ። ሞኒተር ሞድና (በአየር ላይ ያለውን ሁሉ መስማት) ፓኬት መርጨት (የራስን መልእክት መላክ) የሚችል መሆን አለበት። አቴሮስ ኤአር9271 ያለው አስማሚ ለጀማሪ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል፤ የሚይዘው ግን 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው። አንዳንድ አምራች የአንድ ሞዴል ስም ሳይቀይር ቺፑን ይቀይራል፤ የቨርዥን ቁጥሩን ሳታይ አትግዛ።

ግን ምክሬን ብትሰማ ዋይፋይ አሁን ይቆይልህ። መጀመሪያ ቲሲፒን (ማሽኖች በኔትወርክ የሚነጋገሩበትን ደንብ) ተማር።

ዋይፋይ_ፈላጊ

እኔም በዚሁ ልግባ። አስማሚ አለኝ፣ ሃንድሼክ (መሣሪያ ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን መልእክት) መያዝ ችያለሁ። ለመለማመድ የጎረቤቴን ዋይፋይ ብሞክር ችግር አለው? ምንም አልነካበትም፤ የይለፍ ቃሉን ካገኘሁ ራሱ እነግረዋለሁ።

የክር_ኃላፊ

ችግር አለው። ያልተፈቀደልህን ኔትወርክ መሞከር በብዙ አገር ሕግ ወንጀል ነው፤ ሐሳብህ ጥሩ መሆኑ አያድንህም። እዚህ መድረክ ላይም አንረዳበትም። የራስህን ራውተር ውሰድ፣ የይለፍ ቃሉን ከሮክዩ ዝርዝር ውስጥ ካሉት አንዱን አድርግና እሱን ስበር። ከዚያ ረጅም የይለፍ ቃል አድርግለትና እንደገና ሞክር። ልዩነቱን በራስህ ማሽን ላይ ታየዋለህ።

ዋይፋይ_ፈላጊ

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። በራሴ ራውተር እሞክረዋለሁ። ሮክዩ የሚባለው ምንድን ነው?

ሎግ_አንባቢ

ሮክዩ በ2009 መጨረሻ ላይ የተሰበረ ድርጅት ነው። 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎች ሳይመሰጠሩ፣ እንዳሉ በግልጽ ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም ወጡ። ድግግሞሹ ሲወጣለት ከ14 ሚሊዮን የሚበልጥ የተለያየ ቃል ይቀራል። ካሊ ውስጥ የቃላት ዝርዝር ፎልደር ውስጥ ተጨምቆ ተቀምጧል። ክፈተውና የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች አንብብ። ቁጥር በቅደም ተከተል፣ የፍቅር ቃል፣ የሰው ስም። ሰው የይለፍ ቃል ሲመርጥ ምን እንደሚያስብ እዚያ ላይ ይነበባል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የይለፍ ቃል ማስተዳደሪያ ነው የምጠቀመው።

ሌሊት_ፈረቃ

የፈቃድ ነገር ከተነሳ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ጀማሪዎች እንዲማሩበት።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮቹን እንድፈትሽ ጠየቀኝ። ደብዳቤ ነበረኝ፤ ፊርማና ማኅተም ያለው። ደብዳቤው «ሰርቨሮች» ይላል። የአድራሻ ዝርዝር ግን አልተያያዘም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሰርቨሮቹ ያሉበትን ሙሉውን የአድራሻ ክልል በኤንማፕ (የማሽኖችን ክፍት ፖርቶች፣ ማለትም የአገልግሎት መግቢያ ቁጥሮች፣ በሚፈትሽ ቱል) አስጀመርኩት። አንድም ነገር እንዳያመልጠኝ ብዬ የቨርዥን ፍተሻ (በየፖርቱ የሚሠራውን ፕሮግራም መለየት) ላይ «ኦል ፖርትስ» የሚለውን ጨመርኩበት።

ኤንማፕ በነባሪው ፖርት 9100ን በቨርዥን ፍተሻ አይነካውም። ምክንያቱም አንዳንድ ፕሪንተር እዚያ ፖርት ላይ የደረሰውን ማንኛውንም ነገር ያትማል። እኔ ያን መከላከያ በገዛ እጄ አነሳሁት። በዚያ ክልል ውስጥ ፕሪንተሮች ነበሩ። ሁለት ፎቅ ላይ ያሉ ማሽኖች ትርጉም የሌለው ጽሑፍ፣ አንድ አንድ መስመር በየገጹ፣ ወረቀታቸው እስኪያልቅ አተሙ። ሰዎቹ ተጠቃን ብለው ኔትወርኩን ነቀሉት። የግማሽ ቀን ሥራ ቆመ።

ማንም አልከሰሰኝም። ግን የሰው ሥራ አስተጓጉያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በጽሑፍ የምይዛቸው ነገሮች አሉ፦ የአድራሻ ዝርዝር አንድ በአንድ፣ የማይነኩ ማሽኖች፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የሆነ ነገር ቢፈጠር በሌሊትም ስልክ የሚያነሳ ሰው። ፈቃድ አለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱ እስከ የት እንደሆነ ነው ጥያቄው።

አሮጌ_ሼል

ሌሊት_ፈረቃ፣ ይሄን በግልጽ ስለጻፍከው እግዜር ይስጥህ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ጀማሪ_ተርሚናል

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

መጀመሪያ ጓደኛዬ የሰጠኝን አይኤስኦ ሻ-256 ሃሽ አወጣሁ፤ ካሊ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያኔ ሳልፈትሽ መጫኔ ነው ያሳሰበኝ። ከዚያ ቁልፉን አወረድኩ። የጣት አሻራውን ላፕቶፑ ላይ አወጣሁና ስልኬ ላይ ካለው ጋር አራት አራት ፊደል እየቆረጥኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አርባውም ገጠመ። «ሱዶ አፕት አፕዴት» ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ አለፈ፤ ቀጥዬ ስናፕሾት ወስጄ «ፉል አፕግሬድ» አደረግኩ። ከሺህ በላይ ፓኬጅ አወረደ።

የቀረኝ ከየት እንደምጀምር ነው። ሜኑውን ስከፍት አሁንም ግራ ይገባኛል።

ቁልፍ_ጠባቂ

ጎበዝ! ሜኑውን ተወው። ከ600 በላይ ቱል አለው፤ እኔ በዓመት የምጠቀመው ሃያ አይሞላም።

አንድ መልመጃ ልስጥህ፤ ከፊርማው ነገር ጋርም ይያያዛል። ሜታስፕሎይተብል 2 የሚባል ለልምምድ ተብሎ በቀዳዳ የተሞላ ቨርችዋል ማሽን አለ። በነጻ ይገኛል። አውርድና ቨርችዋልቦክስ ላይ ጫነው። ኔትወርኩን «ሆስት ኦንሊ» አድርገው፤ ኢንተርኔት እንዳያየው፣ ከቤትህ ሌላ ማሽንም እንዳያየው። ይሄን ሳታረጋግጥ አታስነሳው። ካሊውንም ለጊዜው እዚያው ኔትወርክ ላይ አስገባው።

ከዚያ በኤንማፕ ቨርዥን ፍተሻ አድርግበት። ከተለመዱት 1000 ፖርቶች 23 ክፍት ታገኛለህ። ሁሉንም እርሳቸውና 21ን ተመልከት፦ ቪኤስኤፍቲፒዲ 2.3.4 ይልሃል።

የዚህ ታሪክ እንዲህ ነው። ቪኤስኤፍቲፒዲ በጥንቃቄው የተመሰገነ የኤፍቲፒ (ፋይል ማስተላለፊያ) ሰርቨር ነው። በ2011 ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ዋናው የማውረጃ ቦታ ላይ ያለውን ፋይል በተበከለ ቀየረው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ክሪስ ኢቫንስ ሐምሌ 3 ቀን አሳወቀ። የተቀየረው ፋይል የጂፒጂ ፊርማ አይገጥምም ነበር። ፊርማውን የፈተሸ ሰው ወዲያው ያውቅ ነበር፤ ሳይፈትሽ ያወረደ ሰው የጓሮ በር ይዞ ገባ። የመጀመሪያውን ቀለበት ማንም እንዳይቆርጥ የምለምነው ለዚህ ነው።

በሩ የሚከፈተው እንዴት መሰለህ? የተጠቃሚ ስም ውስጥ የፈገግታ ምልክት ካለ ነው፤ ሁለት ነጥብና የሚዘጋ ቅንፍ። ይሄን ሲያይ ሰርቨሩ ፖርት 6200 ላይ ሼል (ትዕዛዝ መቀበያ) ይከፍታል። ኮዱ ውስጥ ግን ፈገግታው እንደ ፈገግታ አልተጻፈም። በቁጥር ነው የተጻፈው፤ 58 እና 41 የሚሉት የፊደል ቁጥሮች በአሥራ ስድስት መሠረት ተቀይረው። ኮዱን በዓይኑ የሚገርፍ ሰው እንዳያስተውለው።

ሜታስፕሎይት (ዝግጁ ጥቃቶችን የያዘ ቱል) ውስጥ ለዚህ ዝግጁ ሞጁል አለ። አትጠቀምበት። ኔትካት (ወደ ፖርት በቀጥታ የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም) ከፍተህ ወደ 21 ተገናኝ። የተጠቃሚ ስም ስጠው፣ መጨረሻው ላይ ፈገግታ ጨምር፣ የይለፍ ቃል የፈለግከውን ስጥ። ዝም ይልሃል። ያንን አትዝጋው። ሌላ ተርሚናል ከፍተህ ወደ 6200 ተገናኝና «አይዲ» (ማን ሆነህ እንደገባህ የሚነግር ትዕዛዝ) በል። ያየኸውን ጻፍልን። ዋየርሻርክ (በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚቀዳ ቱል) እየቀዳ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ትማራለህ።

ፈጣን_እጅ

እኔ «ትረስትድ የስ» የሚለውን ዛሬ አጠፋሁት። መስመሩን አንስቼ ቁልፉን በትክክለኛው መንገድ አስገባሁ። ያለፉትን አራት ወራት ያለ ፊርማ የጫንኩትን ግን በምን ላረጋግጥ?

ቁልፍ_ጠባቂ

ያ ማሽን ላይ የተቀመጠ ጠቃሚ ነገር ካለ አውጣና እንደ አዲስ ጫነው። የጫንከውን አንድ በአንድ ከማከማቻው ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ግን የምትፈትሽበት ቱል ራሱ በዚያ ጊዜ የገባ ሊሆን ይችላል። መለማመጃ ማሽን ነው ብለሃል፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው። እዚያ ላይ የተየብካቸውን የይለፍ ቃሎችም ቀይር።

ፈጣን_እጅ

እሺ። ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ።

ጀማሪ_ተርሚናል

ሠራሁት!

ኔትካቱ ላይ ስሙን ከነፈገግታው ጻፍኩ። የይለፍ ቃሉን ሰጠሁ። እንዳልከው ዝም አለ። ሁለተኛውን ተርሚናል ከፍቼ ወደ 6200 ስገባ ምንም ጽሑፍ አልመጣም፤ ያልተገናኘ መስሎኝ ልዘጋው ነበር። «አይዲ» ብዬ ኢንተር ስጫን «ዩአይዲ 0፣ ሩት» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ የይለፍ ቃል የለ። ሞጁሉን ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ይሄ ዝምታ አይታየኝም ነበር።

ከዚያ ዋየርሻርክ የቀዳውን ከፈትኩ። ኤፍቲፒ ምንም አይመሰጥርም፤ የጻፍኩት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ስሜን የያዘውን ፓኬት ጠቅ አደረግኩት። በቀኝ በኩል ፈገግታው አለ። በግራ በኩል፣ በቁጥሮቹ መሐል፣ «3ኤ» እና «29» ተከታትለው ተቀምጠዋል። በ58 እና በ41 ቦታ ማለት ነው።

አሁን የሁለቱን ቨርዥን ኮድ አውርጄ፣ ንጹሑንና የተበከለውን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ያቺን መስመር ራሴ ለማግኘት እየሞከርኩ ነው። ካገኘኋት እዚሁ እጽፋለሁ።